ክንፍ ያለው ጎማ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ባለፈው ከሰልባጅ ተራ አንድ ሰፊ ቀይ ማሊያ ገዛሁ። ደረቱ ላይ ክንፍ ያለው ጎማ አለ። ጎማ ሳይ ለሥራዬ ይሆናል ብዬ ነው ያነሳሁት። ከፍ ብሎ ‹ሲ› የምትባል የፈረንጅ ፊደል ተሰፍታለች። ጀርባው ላይ 5 ቁጥርና ‹ሊድስትሮም› የሚል ስም አለ። ጓደኞቼ “የጎሚስታ ልብስ” እያሉ ይስቁብኛል። እሁድ ኳስ ስጫወትም እሱን ነው የምለብሰው፤ ተከላካይ ነኝ። ሰውየው ማነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ! የጎሚስታ አይደለም። ጓደኞችህ ግን ብዙም አልራቁም። ጎማው የዲትሮይት ነው፤ የአሜሪካ የመኪና ከተማ። ክለቡ ሬድ ዊንግስ ይባላል፣ ቀይ ክንፎች እንደማለት። ጨዋታው የበረዶ ሆኪ ነው።

እኛ በረዶ የምንለው ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። እነሱ ከወለል ሥር ቱቦ ቀብረው፣ ቀዝቃዛ ፈሳሽ እያስኬዱበት፣ ውሃውን መስታወት ያስመስሉታል። ጫማቸው ሥር ስለት አለ። ኳስ የለም፤ በዱላ የሚመቱት 170 ግራም ገደማ የሚመዝን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው። (ጎማ አልለቀቀህም!) ማሊያው የሰፋህ ከሥሩ የትከሻና የደረት መከላከያ ስለሚለበስ ነው።

ኒክላስ ሊድስትሮም ስዊድናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ተወለደ። የሊጉ ክለቦች በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ይመርጣሉ፤ ዲትሮይት በ1989 ሲመርጠው ከእሱ በፊት 52 ልጆች ተመርጠው ነበር። በ1991 ሄደ፤ 20 የውድድር ዘመን እዚያው ክለብ ቆየ። 1,564 ጨዋታ፣ 4 የስታንሊ ዋንጫ (የሊጉ ሻምፒዮን የሚያነሳው)። ‹ሲ› የካፒቴን ምልክት ናት፤ በ2006 ነው የተሰጠችው። በ2008 አውሮፓ ተወልዶ አውሮፓ ያደገ ካፒቴን ያንን ዋንጫ ሲያነሳ እሱ የመጀመሪያው ነው። በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ፍጻሜም ከፊንላንድ ጋር 2 ለ 2 ሆነው፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በተጀመረ በ10ኛው ሰከንድ ከሩቅ ለግቶ ስዊድንን ወርቅ አስገኘ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በሆኪ ያጠፋ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ 2 ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቡድኑ በአንድ ሰው ይጎድላል። ሊድስትሮም በ20 ዘመን የተቀመጠው 514 ደቂቃ ነው። አካፍለው፤ በጨዋታ 20 ሰከንድ አይሞላም! ያውም ሰውን ከግድግዳ ጋር ማላተም በተፈቀደበት ጨዋታ፣ ያውም ተከላካይ ሆኖ። አጥቂውን ወደ ዳር ይገፋዋል፣ መሀሉን አይሰጠውም። ዱላውን ቀድሞ ኳሷ (ጎማዋ ልበል) የምታልፍበት ላይ ያኖራል። አጥቂው ቀና ሲል መንገድ የለም።

እኔም ድሮ ሆጤ ሜዳ ላይ ተከላካይ ነበርኩ። አሰልጣኛችን “ኳስ ካለፈ ሰው አይለፍ” ይለን ነበር። ቃሉን አክብሬ አንድ አጥቂ በ10ኛው ደቂቃ ገነደስኩና በቀይ ወጣሁ። 4 ለ 0 ተሸነፍን። ማታ ቡና ላይ ወንድሜ እንኳ ጀባ ሲለኝ ፊቱን አዙሮ ነው። እንደዚህ ሰው መቆም የሚያስተምረኝ ባገኝ ኖሮ!

የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሽልማትን 7 ጊዜ ወስዷል፤ የሚበልጠው 8 የወሰደው ቦቢ ኦር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሲወስድ 31 ዓመቱ፣ የመጨረሻውን 41። እኛ ጋ በ31 ዓመት ተጫዋቹ 24 ነው።

በ2012 ጉልበቱም ፍላጎቱም እንደ ድሮው እንዳልሆነ ተናግሮ አቆመ። ቤተሰቡን ይዞ ስዊድን ገባ። በ2022 ክለቡ መልሶ ጠርቶ ምክትል ፕሬዚዳንት አደረገው። 5 ቁጥሩን በ2014 ከስታዲየሙ ጣሪያ ላይ ሰቅለውለታል፤ ዲትሮይት ውስጥ ከእንግዲህ ማንም ተጫዋች አይለብሰውም። ደሴ ላይ አንተ ለብሰህ ባጃጅ ትነዳበታለህ።

እሁድ ስትለብሰው ግን ከሥሩ ሹራብ ጨምር። በዚያ ስፋት የጦሳ ንፋስ ሰተት ብሎ ነው የሚገባው።