የዕቁብ ብር ለደብረጸን ትኬት

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤሽ በፍልሰታ ጾም መሐል ደረሰኝ። ሌላም አንባቢ እንዲከተለን ጉዳዩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ሃንጋሪ፣ ደብረጸን ከተማ፣ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም በሚባለው የሃንጋሪ መንግሥት የትምህርት ዕድል በምግብ ደኅንነት ማስተርስሽን እየተማርሽ ነው። ሁለት ሴሚስተር ጨርሰሻል፣ ሁለት ይቀርሻል። ሰኔ ላይ እናትሽ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው መጣሽ፤ ለመመለሻ ያስቀመጥሽውን ሆስፒታል በላው። አሁን ለትኬት 86,000፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖሪያ 32,000፣ በድምሩ 118,000 ብር ያስፈልግሻል፤ ከቤተ ዘመድ፣ ከጽዋ ማኅበርና ከጎረቤት 71,400 ሰብስበሻል። ቢሾፍቱ ያለ ፋብሪካ ደግሞ የጥራት ቁጥጥር ሥራ ሰጥቶሽ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስሽን ይጠብቃል። ጥያቄሽን እንዳለ ልገልብጠው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እንቅፋት ፈጣሪ ‹ቅሪ› እያለኝ ይሆን? ወይስ ጉልት የሚሸጡት እናት የዕቁባቸውን ብር አምጥተው የሰጡኝ ‹ሂጂ› ሲለኝ ነው?»

ይሄ የንስሐ አባትሽ ጥያቄ ነው፤ እኔ የሥራና የትምህርት ሰው ነኝ። አንድ ነገር ግን ደፍሬ ልበል፦ ምልክት መቁጠር ከጀመርሽ ለመቅረትም ለመሄድም የሚበቃ ታገኛለሽ። እኔ የምቆጥረው የቀረሽን ጊዜ ነው። አንድ ዓመት ብቻ። ግማሽ ማስተርስ የሚባል ወረቀት ደግሞ የለም። ፋብሪካው ሥራ የሰጠሽ በመጀመሪያ ዲግሪሽ ነው፤ ዛሬ ብትገቢ ደብረጸን ያሳለፍሽው ዓመት በደረጃሽም በደመወዝሽም ላይ የሚጨምረው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሂጂ እላለሁ። ለፋብሪካው ግን ዝም እንዳትዪ፤ «ሐምሌ ላይ እጨርሳለሁ፣ የመመረቂያ ጥናቴን እናንተ ከምትሠሩት ምርት ጋር ማያያዝ እችላለሁ» ብለሽ ጻፊላቸው። ሰው ሲያጡ የሚያስታውሱት እንዲህ የጻፈላቸውን ነው።

አሁን ወደ ብሩ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለሄደ ትኬት በብር ሲታይ ያስደነግጣል፤ ድንጋጤሽ ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ዘልለሻል። የትምህርት ዕድሉ በየወሩ 43,700 የሃንጋሪ ፎሪንት የሚሰጠው ለዓመቱ 12 ወር ነው፤ ክረምቱንም ይጨምራል። ካልነካሽው የሁለት ወሩ ብቻ ከ200 ዩሮ በላይ ሆኖ እዚያ ባንክ ሒሳብሽ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ግቢና እይው። ካለ፣ ዶርም ስላለሽ 32,000 ብሩን ከሰው መለመን ይቀርልሻል። የሚቀርሽ የትኬቱ ጉድለት ነው፤ 14,600 ብር። ከ118,000 ጋር ስትታገዪ የከረምሽ ልጅ ይቺን አትፈሪም።

ትኬቱን ስትፈልጊ ቡዳፔስት ብቻ አትበዪ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቪየና ይበርራል፤ ከዚያ ቡዳፔስት በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ከቡዳፔስት ደብረጸንም ባቡር አለ። ሁለቱንም ዋጋ አስወጥተሽ አወዳድሪ። ሜሪላንድ ያለችው የአጎትሽ ልጅ «ጎፈንድሚ ክፈቺ» ያለችሽን ደግሞ፣ ከፈለገች እሷ በስሟ ትክፈተው፤ ይህ የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ሒሳብ በቀጥታ አይከፍልም። ሦስት ሳምንት ብቻ ስለቀረሽ ግን እኔ ባትለፉበት እመርጣለሁ።

ከገንዘቡ በላይ ያስጨነቀኝ ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለው ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽ መቼ ያበቃል? ካርዱን አውጥተሽ ቀኑን አንብቢ። ከመግባትሽ በፊት የሚያበቃ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው የሃንጋሪ ኤምባሲ ዘንድ ነገ ጠዋት መሄድ አለብሽ። ለዩኒቨርሲቲው አስተባባሪሽስ ጻፍሽ? ምዝገባው ጳጉሜን ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ ብትዘገዪ ስንት ቀን እንደሚታገሡሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ሁሉም ነገር እምቢ ካለ ኔፕቱን ላይ፣ ማለት በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መመዝገቢያ ድረ ገጽ፣ ፓሲቭ (ትምህርት የማትወስጂበት) ሴሚስተር አስመዝግበሽ መቆየት አለ፤ ድጎማው በዚያ ጊዜ ይቆማል፣ ቦታሽ ግን አይጠፋም። ሳያሳውቁ መቅረት ነው ቦታ የሚያሳጣው። ለቁልቢ ገብርኤል ስለት እንደተሳልሽ ነግረሽኛል። መልካም። ኢሜይሉን ግን አንቺ ነሽ የምትልኪው።

ስለ ጉልቷ እናት ደግሞ ረዘም ላድርገው። በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ዕጣዬ ወጣልኝ» ብለው በፌስታል የተጠቀለለ 3,000 ብር ሲሰጡሽ፣ ሽንኩርት መደብ አድርገው የሚያገኙትን ስለምታውቂ እንቅልፍ አጣሁ ብለሻል። ልመልስላቸው ወይ ትያለሽ። አትመልሺ! ስንት ሳምንት ጠብቀው የወጣላቸውን ዕጣ ለማን እንደሚሰጡ አስበው ነው የመጡት፤ መመለስ «እርስዎ መስጠት አይችሉም» ማለት ነው። ሀብታሙ አጎትሽ «እናያለን» ብሎ የቀረው ያናደደሽም፣ ማን ሊሰጥ እንደሚገባው በልብሽ ዝርዝር ስለያዝሽ ይመስለኛል። ሰው በዝርዝር አይሰጥም።

እኔም ህንድ፣ ፑኔ ስማር ለአባቴ ተዝካር መጥቼ መመለሻ አጥቼ ነበር። ትኬቴን የገዛልኝ የአባቴ ባልደረባ የነበረ ሹፌር ነው፤ ከእሱ ጨርሶ አልጠበቅሁም። ሥራ ይዤ ብሩን በፖስታ አድርጌ ቤቱ ሄድኩ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ዝም አለ፤ ቡና እንዲፈላ አዘዘ፤ ሦስቱንም ጠጣን፣ ስለ ፖስታው አንድም ቃል አልወጣውም። ታክሲ ውስጥ እጄን ኮቴ ኪስ ስከት ፖስታው እዚያ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የልጁን የትምህርት ማስረጃ በካኪ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣና «ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ አሳያት» አለኝ። ሦስት ምሽት አብረን ሠራን። ያን ጊዜ ፈገግ ያለውን ፖስታውን ሳቀርብለት አላየሁም።

ስለዚህ ደብተር ግዢ። ማን፣ ስንት፣ መቼ፤ ስጦታውን ከብድሩ ለይተሽ ጻፊ። ለሁሉም «እመልሳለሁ» አትበዪ፤ ብድር ነው ካሉሽ ሰዎች ጋር ብቻ ቀን ተስማሚ። ለቀረው 14,600 ስትጠይቂ ደግሞ «እርዱኝ» ብለሽ አትክፈቺ። የትኬቱን ዋጋ አሳዪና «ይሄን ያህል ሞልቷል፣ ይሄን ያህል ጎድሏል፣ እስከ ዓርብ ካልከፈልኩ ዋጋው ሊጨምር ይችላል» በዪ። ሰው ጉድጓዱ የት እንደሚያልቅ ሲያይ እጁ ይፈታል። ጽዋ ማኅበሩ ላይ ስምሽ በማይክ እንዲጠራ ካልፈለግሽም ለሰብሳቢው አስቀድመሽ ንገሪ፤ ይህን መጠየቅ ትዕቢት አይደለም።

ምዝገባሽ ሲያልቅ የተማሪ መታወቂያሽን ፎቶ ለሰጡሽ ሁሉ ላኪ፤ ስልክ ለሌላቸው አሳትሞ የሚወስድ ሰው ከአሁኑ ፈልጊ። እስከዚያው ሽንኩርቱን ከእሳቸው ግዢ፣ ዋጋም አትከራከሪ።