የዝሆን ግልገሎችን ስለሚገድለው ቫይረስና ስለ ክትባቱ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሰላም ለሁላችሁም። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ባለፈው ሳምንት የእስያ ዝሆን ግልገሎችን ስለሚፈጀው ኢኢኤችቪ ስለሚባል ቫይረስ፣ እየተሠራለት ስላለው ክትባትም ጥቂት ነገር ጽፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከኮቪድ ጋር ይገናኛል እንዴ?

አይገናኝም። የሄርፐስ ወገን ነው፤ ከንፈራችን ላይ ምች የሚያወጣብን ቫይረስ የሩቅ ዘመድ። አመላቸውም ይመሳሰላል። አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ሰውነት ውስጥ አድፍጦ ይኖራል። አብዛኞቹ አዋቂ ዝሆኖች ተሸክመውት ይኖራሉ፣ ምንም አይሆኑም። አልፎ አልፎ ከኩንቢያቸው በሚወጣ ፈሳሽ ያስተላልፉታል። ግልገል ደግሞ ኩንቢውን የማያስገባበት የለም፣ የእናቱ አፍ ውስጥ ሳይቀር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ትንንሾቹን ብቻ ይገድላል?

ግልገሉ ሲወለድ ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ከጊዜ በኋላ ያልቅበታል። የራሱ ገና ካልጠነከረ ቫይረሱ ባዶ እጁን ያገኘዋል። በብዛት የሚሞቱት ከ1 እስከ 8 ዓመት ያሉት ናቸው።

ቫይረሱ የሚያጠቃው የደም ስሮችን የውስጥ ሽፋን ነው። ትንንሾቹ የደም ስሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ። ፊቱ ያብጣል። ጠባቂው ጠዋት አፉን አስከፍቶ ሲያይ የምላሱ ጫፍ ወይን ጠጅ መስሏል። ከዚያ በኋላ ጊዜው በሰዓት ነው የሚቆጠረው። ማታ ሙዙን እየበላ የተውከው ግልገል በማግስቱ ማታ ላይኖር ይችላል። ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይረበሻል።

ጥያቄ፦ መቼ ነው የታወቀው?

በ1995 ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ መካነ አራዊት ኩማሪ የምትባል የ16 ወር ግልገል በድንገት ሞተች። ተመራማሪዋ ሎራ ሪችማንና ባልደረቦቿ ምክንያቱን ተከታትለው በ1999 ቫይረሱን ለዓለም አሳወቁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ መድኃኒት የለውም?

ለሰው ሄርፐስ የሚሰጡ እንደ ፋምሲክሎቪር ያሉ መድኃኒቶች ይሞከራሉ። የታመመ ግልገል አልውጥም ስለሚል ብዙ ጊዜ በፊንጢጣ ይሰጠዋል። ከአዋቂ ዝሆን የተወሰደ ፕላዝማም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ይጨመርለታል። የሚተርፉ አሉ፣ ግን ቶሎ ከተደረሰበት ነው። ለዚህ ነው ብዙ መካነ አራዊት የግልገሎቹን ደም በየጊዜው የሚመረምሩት፣ ገና ሲቦርቁ እያለ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ዓመት ካለፈ ክትባቱ ለምን ዘገየ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እህቴ። ዋናው ችግር ቫይረሱ ላብራቶሪ ውስጥ አልራባ ማለቱ ነው። የድሮው መንገድ ቫይረሱን አራብቶ፣ ገድሎ ወይም አዳክሞ መስጠት ነበር። ያ መንገድ እዚህ ተዘጋ። ስለዚህ ሙሉ ቫይረሱን ትተው የተወሰኑ ፕሮቲኖቹን ብቻ መረጡ። ፕሮቲኖቹ የሚሠሩበትን መመሪያ በሌላ ነገር አሳዝለው ወደ ዝሆኑ ሰውነት ማስገባት ነበረባቸው።

ሌላው ችግር የሙከራው ነው። የአይጥ ክትባት ቢሆን ግማሾቹን ከትበህ፣ ግማሾቹን ትተህ፣ ሁሉንም በቫይረሱ ትፈትናለህ። ዝሆን ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው የለም፣ መኖርም የለበትም። እናቲቱ አንዱን ግልገል 22 ወር ያህል ነው የምታረግዘው። ስለዚህ ከተከተበው ዝሆን ደም እየተቀዳ ፀረ እንግዳ አካላቱና ቲ ሴሎቹ (በሽታ የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት) ቫይረሱን ለይተው መንቃታቸው ይታያል። ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ እኔ ግን በዚህ ቀርፋፋነት ቅር አይለኝም።

ጥያቄ፦ አሁን የት ደረሰ?

ሁለት ቦታ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ የቤይለር ሕክምና ኮሌጁ ፖል ሊንግና የሂውስተን መካነ አራዊት ባለሙያዎች የኤምአርኤንኤ ክትባት ሠሩ፤ ፕሮቲኑን ራሱን ሳይሆን የአሠራሩን መመሪያ የሚሰጥ ዓይነት ነው። በሰኔ 2024 ቴስ የምትባል የ40 ዓመት ዝሆን የመጀመሪያዋ ተከታቢ ሆነች። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የቼስተር መካነ አራዊትና የሰሪ ዩኒቨርሲቲ ለፈንጣጣ ክትባት የሚያገለግለውን የቫይረስ ዘር ለኢኢኤችቪ ፕሮቲን መመሪያ መሸከሚያ አድርገውታል። የእናቶቻችን ክንድ ላይ ያለውን የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አስታውሱ፤ ዝምድና አለው። እዚያም የጀመሩት በአዋቂዎች ነው፣ መጀመሪያ ጉዳት እንደሌለው መታየት ስላለበት።

ጥያቄ፦ ዝሆን እንዴት ነው መርፌ የሚወጋው? ያስተኙታል?

አያስተኙትም። በሥልጠና ነው። ዝሆኑ ወደ ብረት አጥሩ ይጠጋል፣ ጎኑን ወይም እግሩን ያስጠጋል፣ ፍራፍሬ ይጎርሳል፣ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ካልፈለገ ዞሮ ይሄዳል፣ ሌላ ቀን ይሞከራል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የእኛ የባቢሌ ዝሆኖችስ ያሰጋቸዋል?

የባቢሌዎቹ የአፍሪካ ዝሆኖች ናቸው። የአፍሪካ ዝሆን የራሱ የሆኑ የዚህ ቫይረስ ዝርያዎች አሉት፤ አሜሪካ ውስጥ በመካነ አራዊት የሞቱበት ጊዜም አለ። በአጠቃላይ ግን እንደ እስያዎቹ አይጎዳቸውም። ለባቢሌ ዝሆን መጀመሪያ የሚያስፈራው ጥይትና የመኖሪያው መጥበብ ነው።

ጥያቄ፦ ክትባቱ ቫይረሱን ያጠፋዋል ማለት ነው?

አያጠፋውም፣ ዓላማውም አይደለም። ግልገሉ ቫይረሱ ይይዘው ይሆናል። የሚፈለገው ሰውነቱ ቀድሞ ጠላቱን እንዲያውቅና እንዳይሞት ነው። እንደ እናቱ ተሸክሞት ያድጋል።

ጥያቄ፦ ጫካ ላሉትስ ይደርሳል?

ሕንድ፣ ታይላንድና ምያንማር ውስጥም ግልገሎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ። ከሰው ጋር ለሚኖሩት መድረስ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፤ ጠባቂያቸው አብሯቸው ስለሚውል። ጫካ ላለው ግልገል ግን መርፌ ይዞ መቅረብ ከባድ ነው፣ እናቱም አታስጠጋም። ክትባቱ ብርቱ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ መብራት በሌለበት የዝሆን ጠባቂዎች ካምፕ እንዴት ይቀመጣል? ከአሁኑ መታሰብ ያለበት ይህ ነው።