መልስ፦ ጠባብ ክፍል ውስጥ የእንጨት ሥራ ቦታ (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ 2 በ3 ሜትር ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የሥራ ጠረጴዛ ይገባል ወይ፣ መሮና መላጊያዬስ ለምን ቶሎ ይዝጋል ላልከው፦

ይገባል፣ ግን የሚታጠፍ ይሁን። 1.20 ሜትር በ45 ሳንቲም ይበቃል። ቀጥ ብለህ ቆመህ እጅህን ወደ ታች ስትለቅ አንጓህ የሚደርስበትን ከፍታ ያዝ። ከዚያ በላይ ካደረግከው ስትልግ ጉልበቱ ከትከሻህ ብቻ ይወጣል፣ ቶሎ ትደክማለህ።

ጣጣው ያለው ጠረጴዛው የሚታሰርበት ግድግዳ ላይ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ በድሪሉ የመዶሻ ምት ከበሳኸው ከኋላ ይፈረካከሳል፣ ፊሸሩም (ቪቴው የሚገባበት ፕላስቲክ) ቪቴውን ስታጠብቅ አብሮ ይዞራል። የመዶሻ ምቱን አጥፍተህ ብሳ። አሁንም ከዞረ ቀዳዳውን አስፍተህ በሲሚንቶና አሸዋ ሙላው፣ በደንብ ሲደርቅ እንደገና ብሳ። ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ካገኘህማ ይህ ሁሉ የለም። 5 በ7 ሳንቲም ሞራሌ በ4 ባለ 10 ሚሊ ፊሸር ግድግዳው ላይ እሰር፤ የጠረጴዛውን ክብደት የፊት እግሮቹ ይሸከሙት፣ ግድግዳው እንዳይወዛወዝ ብቻ ይያዘው።

ዝገቱን ሁሉም በሐይቁ ያሳብባል። እርጥበቱ እውነት ነው፣ መሣሪያ የምትሰቅልበት ሰሌዳ ግን ያባብሰዋል። ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አትለጥፈው፤ ከኋላው 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው እንጨት አስገብተህ አየር ይለፍበት። ለሰሌዳው ቺፑድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ) ሳይሆን ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ እንጨት) ግዛ፣ ቺፑድ ሲረጥብ ያብጣል። መላጊያው አፍ ላይ የቀረ ፍቅፋቂ፣ በተለይ ካልደረቀ ባህር ዛፍ የወጣ፣ ብረቱን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። በብሩሽ አውጣውና ብረቱን የስፌት መኪና ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረገው። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል።