ሁለት መቶ ፊርማ ወይስ አንድ ደብዳቤ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ እዚህ አሜሪካ 20 ዓመት ተፈርዶበት ፌዴራል እስር ቤት ከገባ 11 ዓመቱ ነው። ዕድሜው 57 ነው። ስኳር ኩላሊቱን ጨርሶት በሳምንት 3 ቀን ዲያሊሲስ ላይ ነው። ዓይኑም ደክሟል፣ ጫማውን የሚያስርለት አብሮት የታሰረ ልጅ ነው። «በርህራሄ ይፈታል» ሲሉን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች 200 ፊርማ አሰባሰቡ፣ ለዳኛዋ ልንልከው ነው። አንድ ሰውዬ ደግሞ 4 ሺህ ዶላር ስጡኝና እኔ አስጨርሳለሁ ይላል። ወንድሜ ያለው ግሪን ካርድ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናታችን መታሰሩን አታውቅም። ምን ትመክረኛለህ?
(እህቱ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። መጀመሪያ ሰውዬው። ብሩን እንዳትሰጪው። ይህን ጉዳይ ዳኛ እንጂ ማንም «አያስጨርስም»።

ፊርማውን ለጊዜው አቆዪው። እኛ አገር የለመድነው ለበዓል የሚመጣ ይቅርታ ነው፣ ወይም ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛው ሲያልቅ የሚሰጥ አመክሮ። በአሜሪካ ፌዴራል ሥርዓት ግን በፈረንጆች ከኅዳር 1987 ወዲህ ለተፈጸመ ወንጀል አመክሮ የለም፣ በመልካም ጠባይ የሚቀነሰውም በዓመት ቢበዛ 54 ቀን ነው። ስለዚህ ወንድምሽ የሚያቀርበው ልመና ሳይሆን «ሕጉ የሚለው ሁኔታ እኔ ላይ ደርሷል» የሚል ማመልከቻ ነው። ደግሞም ተስተካክሏል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምራል የሚለው ብቻውን በቂ ምክንያት እንደማይሆን ሕጉ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የፊርማ ወረቀቱ የሚለው ይህንኑ ከሆነ ደጋፊ ሰነድ ይሁን እንጂ ዋናው ጉዳይ አይሆንም።

ዋናው ሕመሙ ነው። በፈረንጆች ኅዳር 2023 የተሻሻለው የፌዴራል ፍርድ አሰጣጥ መመሪያ ለዚህ ከሚጠቅሳቸው በሽታዎች አንዱ የመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰ የአካል ክፍል በሽታ ነው፣ «ስንት ወር ይኖራል» የሚል የሐኪም ግምት ግዴታ አይደለም። የማይድን ሕመም ይዞት እስር ቤት ውስጥ ራሱን መርዳት ያቃተው ሰውም ሌላ በር አለው። ያ ጫማውን የሚያስርለት ልጅ ያልሽው ነገር በሐኪም መዝገብ ላይ ከሰፈረ ከ200 ፊርማ ይበልጣል። ስለዚህ ወንድምሽ የሕክምና መዝገቡን ይጠይቅ፣ አንቺም እንድታገኚው ፈቃድ ይፈርምልሽ።

ለዳኛዋ በቀጥታ አትላኩ። ጥያቄው መጀመሪያ በጽሑፍ ለእስር ቤቱ ኃላፊ፣ ለዋርደኑ ማለት ነው፣ መድረስ አለበት። እሱ መጻፍ ካቃተው አንቺ ልትጽፊለት ትችያለሽ፣ እኩል ነው የሚታየው። ደብዳቤው ላይ የሕመሙ ሁኔታ፣ ቢፈታ የት እንደሚያድር፣ በምን እንደሚተዳደር፣ ዲያሊሲሱን የት እንደሚያደርግና ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። «ከኛ ጋር ይኖራል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው፣ ዳኛ ግን አድራሻና ኢንሹራንስ ነው የሚፈልገው። ዋርደኑ የተቀበለበትን ቀን በወረቀት ያዙ! ከዚያ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ካለፈ ወንድምሽ ራሱ ለፈረደበት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይህን የፈቀደው ሕግ በፈረንጆች 2018 ከመውጣቱ በፊት በሩን መክፈት የሚችለው የእስር ቤቶቹ ቢሮ ብቻ ነበር፣ ስንቱ በሽተኛ መልስ ሲጠብቅ ሞቷል።

ጠበቃ የግድ አይመደብለትም፣ ቢሆንም የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ ደውይና ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ ይረዳሉ። ዳኛዋ ከሕመሙ ሌላ ወንጀሉንና የሕዝብ ደኅንነትንም ትመዝናለች፣ ዐቃቤ ሕጉም መቃወም ይችላል። ወንጀሉ ምን እንደሆነ ስላልጻፍሽልኝ ይፈታል አይፈታም አልልሽም። እምቢ ከተባለ ለይግባኝ ያለው ጊዜ 14 ቀን ብቻ ነው፣ ሕመሙ ከባሰ ደግሞ እንደ አዲስ ማመልከት ይቻላል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ፣ ግሪን ካርዱ። ብዙ ዓይነት ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር ያስወጣል። ዳኛዋ «ይፈታ» ብላ ስትፈርም የኢሚግሬሽን መያዣ ካለበት እናንተ በር ላይ መኪና አቁማችሁ ስትጠብቁ የኢሚግሬሽን ሰዎች ይዘውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት መያዣ ይኑርበት አይኑርበት እስር ቤት ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተለውን ኬዝ ማናጀር ይጠይቅ፣ አንቺም የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሪ፣ ያ 4 ሺህ ዶላር ለዚህ ቢውል ይሻላል። መባረሩ የማይቀር ከሆነ ለዋርደኑ የምትጽፉት አድራሻም የሜሪላንድ አይሆንም፣ አዲስ አበባ ላይ ማን እንደሚቀበለው፣ ዲያሊሲሱን የት እንደሚያደርግ፣ በየሳምንቱ ማን እንደሚከፍል ነው የሚጻፈው። ይህን ደግሞ እናታችሁ ሳያውቁ መጻፍ አትችሉም። ልጃቸውን በዊልቸር ሲመጣ ቦሌ ላይ ከሚያዩትስ አሁን፣ ሰው ልካችሁ፣ ቁጭ አድርጋችሁ ብትነግሯቸው አይሻልም?