ውጊያ ይተኮሳል ወይስ ይቀረጻል?

ጥያቄ፦ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለዩቲዩብ የሚነበብ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ጆን ፎርድ የሚድዌይን ጦርነት ተኩሶ ጥናታዊ ፊልም ሠራ» ብዬ ስለ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጻፍኩ። ጓደኛዬ አይቶ ሳቀብኝ። ምኑ ነው የሚያስቀው?

መልስ፦ «ተኩሶ» የምትለዋ ትመስለኛለች። ይቅርታ፣ እኔም ፈገግ ብያለሁ። እንግሊዝኛው ለጥይትም ለካሜራም አንድ ግስ («shoot») ይበቃዋል። እኛ ግን ሰው «ላይ» ወይም «ወደ» ሰው ነው የምንተኩሰው። «ሸሚዙን ተኮሰ» ካልን ሰውየው የያዘው ካውያ ነው። እንግዲህ ባንተ ዓረፍተ ነገር ፎርድ ጦርነቱን በካውያ ተኩሶታል!

ነገሩ ሳቅ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1942 ጠዋት የጃፓን አውሮፕላኖች በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የአሜሪካ ይዞታ፣ የሚድዌይን ደሴት ሲደበድቡ፣ ፎርድ የኃይል ማመንጫው ጣሪያ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይዞ ነበር። ክንዱን ፍንጣሪ አቆሰለው። «ተኮሰ» ካልክ ሰሚው መትረየስ ያስጨብጠዋል።

«ቀረጸ» በል። ሐውልት ይቀረጻል፣ እርሳስም ይቀረጻል፤ ድምፅና ፊልም የመጡት በኋላ ነው። በፊልሙ ውስጥ ቦምብ ሲፈነዳ ምስሉ ይዘላል። ፎርድ ያን ቆርጦ አልጣለውም። ፍንዳታው ራሱ ፊልሙ ላይ ተቀርጿል ቢባል ያስኬዳል።

«ጥናታዊ ፊልም» የተለመደ ነው፣ ስህተት አልለውም። እዚህ ግን «ዘጋቢ ፊልም» ይሻላል። ፎርድ ከጣሪያው ላይ ሆኖ የሚያየውን በስልክ ለማዘዣ ጣቢያው ይናገር ነበር። ከዚህ በላይ ዘጋቢ ከየት ይመጣል? የ18 ደቂቃው ፊልምም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለሕዝብ ታየ። ለጥናት መቼ ጊዜ ነበረና!

«ጦርነት»ስ? የዓድዋ ውሎ የአንድ ቀን ሆኖ ሳለ «የዓድዋ ጦርነት» እንላለን፤ ስለዚህ አልከስህም። ግን ጽሑፍህ ውስጥ ትልቁ ጦርነት ስላለ፣ ሚድዌይን «ውጊያ» ብትለው አይምታታም።

ያልጠየቅኸኝን አንድ ልጨምር። አራቱ የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የተመቱት ከደሴቷ ርቀው፣ ባሕር ላይ ነው። ከፎርድ ጣሪያ አይታዩም። «ውጊያውን ቀረጸ» ካልክ ሁሉንም ያየ ታስመስለዋለህ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ጆን ፎርድ ሚድዌይ ስትደበደብ ቀርጾ፣ ስለ ውጊያው ዘጋቢ ፊልም ሠራ።»