ኦፕን ሶርስ ለጌም ይሆናል ወይ? ከባሕር ዳር ልጆች ጥያቄዎች

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ ጌም መሥራት ከጀመሩ ልጆች ጋር ቁጭ ብለን ነበር። ጊዜ አጥሮን ያልመለስኳቸውን ጥያቄዎች እነሆ።

ጋሼ፣ ኦፕን ሶርስ ለጌም ይሆናል?

ኦፕን ሶርስ ማለት ኮዱ ማንም እንዲያየው፣ እንዲያስተካክለውና እንዲጠቀምበት የተከፈተ ሶፍትዌር ነው። ለጌም መሥሪያው እንዴታ! ጎዶትን እዩት። አርጀንቲናውያን የጀመሩት ኢንጂን፣ ማለትም የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮዱን ለሁሉም ከፈቱት። ብሮታቶ የሚባለው ጌም የተሠራው በሱ ነው። የሥዕልና የአኒሜሽን መሥሪያውን ብሌንደርንም እ.ኤ.አ. በ2002 ሰው 100,000 ዩሮ አዋጥቶ ነው ያስከፈተው። ለጌሙ ለራሱ ግን እንደ ጌሙ ነው።

እንዴት?

ከጓደኞቼ ጋር የአገው ፈረሰኞችን ጌም ጀምረን ለሁሉም ክፍት አደረግነው። ኮዱ ቶሎ ተሻሻለ። ፈረሱ ሲዘል መሬት ውስጥ እየሰመጠ አስቸግሮን ነበር፤ አንድ የማላውቀው ልጅ በአንድ ሌሊት አስተካክሎ ላከልኝ። ሥዕሉ ላይ ግን ተያዝን። አንዱ ጭንቅላቱን፣ ሌላው እግሩን፣ ሦስተኛው ኮርቻውን ሣለ። ለየብቻ ሁሉም ያምራሉ። ሲገጣጠሙ ጭንቅላቱ ካርቱን፣ እግሩ ፎቶ ሆነ፤ ኮርቻው ከሁለቱም አልሄድ አለ። እንቅልፉን አጥቶ በነፃ የሣለን ሰው «ያንተ ይቅር» ማለት ከበደኝ።

ኮድ ይሠራል አይሠራም ተብሎ ይፈተናል። ሥዕልና ታሪክ ግን ወሳኝ የሆነ አንድ ዓይን ይፈልጋሉ። ባትል ፎር ዌስኖት የሚባለው ኦፕን ሶርስ ጌም ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየው፣ ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን ዘመቻ እየጻፉ ስለሚጨምሩበት ይመስለኛል። እዚያ አንዱ የሌላውን አይነካም።

ኮዴን ከከፈትኩ ጌሜን አይሰርቁኝም?

ኮዱን ክፈት፣ ሥዕሉንና ድምፁን ያዝ። ዱም የሚባለው የተኩስ ጌም ኮድ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲለቀቅ የጌሙ ካርታ፣ ሥዕልና ድምፅ የባለቤቱ ሆኖ ቀርቷል። የምትጠቀምበትን ኮድ ፈቃድ ደግሞ አንብብ። ጎዶት በኤምአይቲ ፈቃድ ስለሆነ ጌምህን ሸጠህ ምንም አትከፍልም፤ ኮድህን ክፈት የሚልህም የለም። ጂፒኤል በሚባለው ሌላ ፈቃድ የወጣ ኮድ ከቀላቀልክ ግን ጌሙን ስታሰራጭ ኮድህንም በዚያው ፈቃድ መስጠት ግድ ይልሃል።

ዩኒቲ አይሻልም?

ዩኒቲም ኢንጂን ነው፤ ባለቤቱ ግን አንድ ኩባንያ ነው። ጥሩ መሥሪያ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ብሎ ብዙ ሰው አስደንግጧል። በዓመቱ ሰረዘው። የሰው ቤት ተከራይተህ ስትኖር ኪራዩን የሚወስነው አከራይህ ነው።

ቡሬ ነው ያለሁት። ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ ኮምፒውተሬም ደካማ ነው።

ጎዶትን አንዴ ካወረድሽ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጓደኛሽ ካለው በፍላሽ ገልብጪ፤ ፈቃዱ ይፈቅዳል። በሁለት አውታር (2D) ሥዕል ጀምሪ፣ ገበጣ ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃል። ለአማርኛው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት ጌሙ ውስጥ ጨምሪ፤ አለበለዚያ ፊደሉ በአንዳንድ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ፈረሱስ ምን ደረሰ?

አንዲት የዳንግላ ልጅ ከጭንቅላት እስከ ጅራት እንደ አዲስ እየሣለችው ነው። ኮዱ አሁንም ክፍት ነው። በሥዕሉ ላይ የመጨረሻው ቃል የሷ ነው።