በጦር ሜዳ የወደቁትን መምህሬን እንዴት ላስባቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በ1969 ዓ.ም. የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የሒሳብ መምህራችን በዚያው ዓመት የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘመቱ፤ ካራማራ አካባቢም ወድቀው ቀሩ። አስከሬናቸው አልመጣም፣ መቃብራቸው አይታወቅም። ትዳር አልመሠረቱም፣ ልጅም አልወለዱም፤ እናታቸው መርዶውን ከሰሙ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ተዝካር ወጥቶላቸው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አሁን ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ጥቂቶቻችን ተገናኝተን መታሰቢያ ልናደርግላቸው ተነሥተናል። ነገር ግን አልተስማማንም። አንዱ ጓደኛችን «ሰማዕት ናቸው፣ ሥዕላቸው በቤተ ክርስቲያን ሊሰቀል ይገባል» ይላል። ሌላው «ሰው እየገደሉ ስለሞቱ ፍትሐት አይገባቸውም» ይላል። እኔ የሥጋ ዘመዳቸው ሳልሆን፣ ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ጸሎት ላስደርግላቸው እችላለሁን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነፍሳቸውን ይማርልን። ይችላሉ።

ለሙታን ለመጸለይ የሥጋ ዝምድና አይጠየቅም። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 1 ላይ ሄኔሲፎሩ ስለሚባል ሰው ሲጽፍ «በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን ያግኝ» ብሎ ይለምንለታል። ሰላምታ የሚልከው ለቤተ ሰዎቹ ብቻ ስለሆነ፣ ሰውዬው በዚያን ጊዜ በሕይወት እንዳልነበረ የተረዱ ብዙዎች ናቸው። ለጳውሎስ ምኑ ነበር? ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ አልነበረም። ጳውሎስ በሮም በታሰረ ጊዜ በሰንሰለቱ ሳያፍር ፈልጎ ያገኘው ሰው ነበር። ጸሎቱ የተወለደው ከውለታ ነው። እርስዎም ማባዛትና ማካፈል ላስተማሩዎት ሰው ከዚያው ምንጭ ቢጸልዩ ማን ይከለክልዎታል? በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሁላችን ፊደል ያስቆጠሩንን የኔታን በጸሎት ሳናነሣ አንውልም። የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ከዚህ ምስጋና ለምን ይጐድላል?

ዘመኑ አልፏል ማለትዎ እንዳስጨነቀዎት ከጥያቄዎ ይሰማኛል። ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ለሐዘንተኛ የተሠሩ መንገዶች ናቸው፤ ሐዘኑን በጸሎት ይዞ እንዲሄድ። የእግዚአብሔር ምሕረት በሰማንያኛው ቀን ተዘግቶ የሚያድር በር አይደለም። ደግሞም አንድ ነገር ያስተውሉ፦ በእያንዳንዱ ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን በሃይማኖት ስላረፉት ሁሉ ትጸልያለች። እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ የሚያስታውሳቸው የሌለ በመሰለበት በዚያ ሁሉ ዓመት፣ መምህርዎ ያለ ጸሎት የቀሩበት አንድ እሑድ እንኳ የለም። እርስዎ አሁን የሚያደርጉት በማኅበር ሲጸለይላቸው ለኖሩት ሰው በስማቸው መጸለይ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ጓደኞችዎ ልምጣ። ሁለቱም ከፍቅርና ከፍርሃት ተናግረዋልና አልነቅፋቸውም፤ ግን ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን ሚዛን ወጥተዋል።

«ሰማዕት» የሚለው ቃል በሕዝብ አነጋገር ለአገሩ የወደቀን ሁሉ ያጠቃልላል። በየካቲት 12 የምናስባቸውን ሰማዕታት እንላለን፣ ተገቢም ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ሰማዕት ማለት የክርስቶስ ምስክር ማለት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ መርቆሬዎስ ወታደሮች ነበሩ፤ የምናከብራቸው ግን በጦርነት ድል ስላደረጉ ሳይሆን ክርስቶስን ካዱ ሲባሉ አንክድም ብለው አንገታቸውን ስለሰጡ ነው። አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲረሸኑ በእጃቸው ጦር መሣሪያ አልነበረም፤ አርበኞችን አላወግዝም ያለው አንደበታቸው ነው ያስገደላቸው። መምህርዎ መልካም ሰው እንደ ነበሩ አምናለሁ። ነገር ግን ለእሳቸው እንጸልያለን እንጂ ወደ እሳቸው አንጸልይም። ሥዕል በቤተ ክርስቲያን የሚሰቀለው ቤተ ክርስቲያን ቅድስናውን ለመሰከረችለት ብቻ ነው። ፎቶግራፋቸው በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ግን ደስ ይለኛል፤ ቦታው እዚያ ነው።

የሁለተኛው ጓደኛዎ ነገር የበለጠ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ብዙ ወታደሮችና የወታደር እናቶች በዝምታ የሚሸከሙት ጥያቄ ነው። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው «እኛስ ምን እናድርግ?» ባሉት ጊዜ (ሉቃ. 3፥14) ሙያችሁን ጣሉ አላላቸውም። ግፍ እንዳይሠሩ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ባስልዮስ፣ አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍስ ግድያ ጋር እንዳልቈጠሩት ጽፏል። ወዲያው ግን እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለ3 ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ መልካም እንደሆነ ይመክራል። ይህን ምክር ቀስ ብለው ያንብቡት። ወታደሩን ነፍሰ ገዳይ አይለውም፣ ደም ማፍሰስንም ንጹሕ ነው አይልም። ሰውዬውን እንደ ቁስለኛ ይመለከተዋል፤ ቁስለኛም ሕክምናና ጊዜ ያስፈልገዋል። መምህርዎ ያን ጊዜ አላገኙም። ለንስሐ የሚሆን ሰላማዊ ቀን ሳይሰጣቸው ወደቁ። እንግዲህ ይህ ጸሎት የሚከለከልበት ምክንያት ነው ወይስ አብዝቶ የሚጸለይበት? እኔ ሁለተኛው ነው እላለሁ። በምሽግ ውስጥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ምን እንዳሉ የሰማ አንድ አምላክ ብቻ ነው፤ ፍርዱም የእሱ ነው።

ስለ መቃብሩም አይዘኑ። ባሕርም በውስጡ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ በራእየ ዮሐንስ (20፥13) ተጽፏል፤ የካራማራ ተራራም አደራውን ይመልሳል። ለጸሎት የሚያስፈልገው የክርስትና ስማቸው ነው። በሕይወት ያለ ወንድም፣ እኅት ወይም የእኅት ልጅ ፈልጉ። ይህን የምለው ስሙን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ቤተሰቡ ሳይሰማ ተማሪዎች ተዝካር ቢያወጡ፣ ቢዘገይም፣ ቅር ያሰኛል። ስሙ ከጠፋ የተነሡበትን ደብር ይጠይቁ። ከዚያም ስሙን ለንስሐ አባትዎ ይስጡ፤ ፍትሐቱንና በቅዳሴ መታሰቡን እሳቸው ያመቻቻሉ። እናንተ መገበሪያ፣ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዛችሁ ቅረቡ።

ቀኑ የካቲት 26 እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ ካራማራ ነጻ የወጣበት ቀን ስለሆነ ይገባኛል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላልና ዝክሩ የጾም ይሁን። ድንኳን ተክሎ ለጠገበ ሰው መደገስን አልመክርም። ገንዘቡን ሰብስባችሁ ደብተርና እስክሪብቶ መግዛት ላልቻሉ ልጆች ስጡ፤ ለአንድ መምህር ከዚህ የሚስማማ ምጽዋት አላውቅም።

ስለ እሳቸው ስትናገሩ ደግሞ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ያለቀሰውን ልቅሶ አስታውሱ (2ኛ ሳሙ. 1)። «ኃያላን እንዴት ወደቁ!» ያለው ዳዊት ሳኦል በሕይወቱ ያሳደደው ሰው ነው፤ በዚያ ልቅሶ ግን አንድም የቂም ቃል አልወጣውም። ቅኔውንም ለይሁዳ ልጆች እንዲያስተምሩ አዘዘ። እናንተም ለልጆቻችሁ ሰሌዳ ላይ እንዴት ይጽፉ እንደ ነበር፣ ያልገባውን ልጅ እንዴት ይታገሡት እንደ ነበር ንገሯቸው። በዚያ ተራራ ማዶ የወደቀውም የሶማሊያ ወታደር ፊደል ያስቆጠረው መምህር ነበረው፤ የምትጠብቀው እናትም ነበረችው። ጌታችን ለጠላቶቻችሁ ጸልዩ ብሎ አዟልና (ማቴ. 5፥44) በመታሰቢያችሁ ቀን ለእነዚያም ምሕረትን ለምኑ። በመምህራችሁ ስም ቂም የሚያስተምር ንግግር ቢነሣ በጨዋነት አስቁሙት።

የክርስትና ስማቸውን ያገኙ ዕለት ለእኔም ይላኩልኝ። በጸሎቴ እይዘዋለሁ።